ለልምምድ ስል የፈረምኩት ወረቀት

በጡረታ የተሰናበትኩ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ለስላሳና ዳቦ አቅርቦ አንድ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ፤ ንግግርም ተደረገ። ከተናጋሪዎቹ አንዱ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ገና ዓመት ያልሞላው የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው፤ ክፋት የለበትም። «በወይዘሮ ጥሩወርቅ ዘመን» አለ፣ «የተማረ ሰው ጥቂት ስለነበር ሥራው ራሱ ነበር ሰው ፈልጎ የሚመጣው። እንደ እኛ ለልምምድ ቦታ የሰው በር አላንኳኩም።» ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም ፈገግ ብዬ አጨበጨብኩ። ቤቴ ስገባ ግን በንዴት ሰዓቱን ከነመጠቅለያው አልጋ ሥር ከተትኩት።

እንግዲህ ያንኳኳሁትን በር ልናገር።

አባቴ አንኮበር መሪጌታ ነበሩ። የበዓላትና የጾም ቀን የሚሰላበትን ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ ከተማሪዎቻቸው ኋላ ተቀምጬ አበቅቴና መጥቅዕ እደምር ነበር፤ የቁጥር ፍቅሬ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ዘመዶቻችን «ይቺ ልጅ ወንድ በሆነች» ይሉ ነበር። አባቴ ግን ደብረ ብርሃን እኅታቸው ዘንድ ሰደው አስተማሩኝ። አክስቴን እቴቴ ዘነበች እላታለሁ። ባሏ የሞተባት፣ የበግ ፀጉር እየፈተለች ለበርኖስ ሠሪዎች የምትሸጥ፣ ማንንም የማትፈራ ሴት ነበረች። ከእሷ ቤት ሆኜ ትምህርቴን ጨርሼ፣ በሃምሳዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ሄጄ ዩኒቨርሲቲ ገባሁና ሒሳብ አያያዝ ማጥናት ጀመርኩ። በክፍሉ ውስጥ ሴቶች ሦስት ብቻ ነበርን።

ሦስተኛ ዓመት ስንጨርስ አንድ ደንብ ይጠብቀን ነበር። ክረምቱን ሁለት ወር በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ተለማምዶ፣ ማኅተም ያረፈበት የምስክር ወረቀት ያላመጣ ተማሪ ለአራተኛ ዓመት አይመዘገብም። አዲስ አበባ ያለው ቦታ ሁሉ ገና ከፋሲካ በፊት አለቀ። አጎት ያለው በአጎቱ ገባ፤ የክርስትና አባት ያለው በክርስትና አባቱ ገባ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በደንብ የማውቀው ሰው ቢኖር የመኝታ ቤታችንን ዘበኛ ነው። የተማረ ሰው ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። ጥቂቱም ግን በዘመድ ነበር የሚከፋፈለው።

በሰኔ መጨረሻ ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የቆዳና የሌጦ ነጋዴ ኩባንያ ሁለት ተለማማጆች በፈተና እንደሚቀበል ማስታወቂያ ወጣ። ስሙን አልጠራም፤ ኩባንያው ከጠፋ ቆይቷል። ዜናውን ሳነብ እግዜር ራሱ የለጠፈው መሰለኝ። መኝታ በእቴቴ ዘነበች ቤት፣ ምግብ በእቴቴ ዘነበች ቤት። ለተለማማጅ በወር ሠላሳ ብርም ይከፈላል ተብሏል። ፈተናውን የፈተኑን በመጋዘኑ ውስጥ፣ በጆንያ ላይ አስቀምጠው፣ በሐምሌ ብርድ ነው። አሥራ አንድ ነበርን፤ ሴት እኔ ብቻ። እስክሪብቶ መያዝ እስኪያቅተን ጣታችን ደነዘዘ።

ዋናው ጥያቄ አንድ ገጽ የሒሳብ መዝገብ ነበር። ግራና ቀኙ አይተካከልም፤ ስሕተቱን ፈልጉ ተባልን። አብዛኞቹ ከላይ ጀምረው እንደገና መደመር ያዙ። እኔ ልዩነቱን ለዘጠኝ አካፈልኩት፤ ያለ ትርፍ ተካፈለ። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ሁለት አኃዝ ተገለባብጦ ተጽፏል ማለት ነው። ሰባ ሁለት መባል የነበረበት ሃያ ሰባት ተብሎ አገኘሁት። ከሁሉ ቀድሜ ወረቀቴን አስረክቤ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ውጤት በር ላይ ተለጠፈ፤ አንደኛ እኔ። እቴቴ ዘነበች ጎረቤት ጠርታ እልል አስባለች። በማግስቱ ሥራ ልጀምር ስሄድ ግን ዝርዝሩ ተቀይሯል። ሁለተኛ የወጣው ልጅ በቦታው አለ። በእኔ ቦታ ዳዊት የሚባል፣ ሰባተኛ የወጣ ልጅ ተጽፏል። የሥራ አስኪያጁ የአቶ ይልማ የወንድም ልጅ ነው። የእኔ ስም ከታች «ተጠባባቂ» ተብሎ በእርሳስ ተጨምሯል። በእርሳስ!

አቶ ይልማ ዘንድ ገባሁ። ወፍራም፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሰው ነበሩ።

«ልጄ፣ ቅር እንዳይልሽ» አሉኝ። «መጋዘናችን የቆዳ ነው። ሽታው ለሴት ልጅ አይሆንም። ደግሞም መጸዳጃ ቤታችን አንድ ብቻ ነው።»

«ጌታዬ፣ የተፈተንነው እዚያው መጋዘን ውስጥ ነው። ሽታው አላስቸገረኝም።»

«እሱማ ለሁለት ሰዓት ነው።»

«ለመጸዳጃም የአክስቴ ቤት ቅርብ ነው።»

ሳቁ። «ጎበዝ ነሽ። ለሚመጣው ዓመት እናስብልሻለን» ብለው ወደ በሩ አመለከቱኝ። ሰው አልጮኸብኝም፤ ማንም አልሰደበኝም። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። አንደኛ የወጣሁበትን ቦታ የወሰዱብኝ እየሳቁ፣ «ልጄ» እያሉኝ ነው።

እያለቀስኩ ቤት ስገባ እቴቴ ዘነበች እንዝርቷን አላቆመችም። «ያጠፋሽው ነገር አለ?» አለችኝ።

«የለም።»

«አጥፍተሽ ከሆነ እዚህ ቁጭ በይ። ካላጠፋሽ እዚያ በሩ ላይ ሄደሽ ቁጭ በይ።»

ስድስት ቀን ጧት ጧት ከቢሮው በር ደጃፍ ተቀመጥኩ። አቶ ይልማ እያዩኝ ያልፋሉ። ዳዊት «ደህና አደርሽ?» እያለ ይገባል። ሁለተኛ የወጣው ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። በስድስተኛው ቀን አንድ ረጅም፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው አጠገቤ ቆሙ። የሒሳብ ሹሙ አቶ ወንድይራድ ነበሩ።

«ለዘጠኝ ያካፈልሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ተነሽ» አሉና አስከትለውኝ ገቡ። አቶ ይልማን እንዲህ አሏቸው፦ «ጌታው፣ ፈተናውን ያረምኩት እኔ ነኝ። የወንድምዎን ልጅ ማስገባት ይችላሉ፤ አልከራከርዎትም። ይቺን ልጅ ግን እኔ ክፍል አስገባታለሁ። አይሆንም ካሉኝ፣ ያረምኩትን ወረቀት አሥራ አንዱንም በር ላይ እለጥፈዋለሁ።»

አቶ ይልማ ትንሽ አሰቡ። «ክፍያ የላትም» አሉ። «የራሷ ጠረጴዛም አይኖራትም። ምስክር ወረቀቱን ደግሞ ሥራዋን አይተን ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «በይ እንግዲህ አመስግኚ» አሉኝ። እጅ ነሥቼ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩ። በእጄ የነበረውን ወስደው ሩቡን ሲመልሱልኝ አመስግኚ አሉኝ፤ እኔም አመሰገንኩ።

አቶ ወንድይራድ መዝገብ ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ታጥበው፣ በነጭ ጨርቅ ጣት በጣት ያደርቃሉ። እርሳስ የሚቀርጹት በምላጭ ነው። የቁጥር ረድፍ ከላይ ወደ ታች ደምረው ከጨረሱ በኋላ፣ ሁለተኛውን ጊዜ ከታች ወደ ላይ ይደምራሉ። «ዓይን አንዴ የሳተበት መንገድ ላይ ዳግመኛ ይስታል፤ መንገዱን ቀይሪበት» ይሉኝ ነበር። የተሳሳተ ቁጥር አይፍቁም፤ በማስመሪያ አንድ ቀጭን መስመር ሰርዘውበት፣ ትክክለኛውን ከላይ ጽፈው፣ አጠገቡ ይፈርማሉ። ስሕተታቸውን ሰው እንዲያየው ይፈልጉ ነበር። ቆመው ፈርመው አያውቁም። ወረቀት ይዞ በር ላይ የሚያስቸኩላቸው ሰው ከመጣ፣ ወንበር ስበው ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን ጠርገው፣ ከመጀመሪያው ቃል ያነባሉ።

ከሁሉ በላይ ያስተማሩኝ ግን መጋዘን መውረድን ነው። ከመዘዞና ከዙሪያው የሚመጡ ነጋዴዎች በክረምት ሌጦውን እርጥቡን ያመጡታል፤ እርጥብ ሲሆን ሚዛን ይደፋላ። ኩባንያው በዚያው ክብደት ይረከባል። ሁለት ሳምንት በመጋዘን ውስጥ ሲሰቀል ግን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉን ይጥላል። «ሌጦ ሲሰነብት ይከሳል» አሉኝ አንዱን በእጄ አስይዘው። «የከሳውን ተሰረቀ እንዳትይ። ኪሎውን ከመጠየቅሽ በፊት ፍሬውን፣ ስንት ሌጦ እንዳለ፣ ቁጠሪ።»

የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ሙሄ ይባሉ ነበር። ከአንኮበር በታች፣ የአልዩ አምባ አርጎባ ናቸው፤ ቀጭን፣ የመጋዘኑን ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሰው። የአንኮበር ልጅ መሆኔን ሲሰሙ «አልሐምዱሊላህ፣ የአገሬ ሰው መጣች!» ብለው ተደሰቱ። ከዚያ ወዲያ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «የመሪጌታ ልጅ» ነበር የሚሉኝ።

በነሐሴ አቶ ወንድይራድ ዓመታዊ ሒሳብ ለመዝጋት አዲስ አበባ ለአሥር ቀን ሄዱ። በሄዱ በሦስተኛው ቀን አቶ ይልማ ድንገተኛ ቆጠራ አዘዙ፤ ቆጣሪዎቹ ዳዊትና እኔ። አንድ ቀን ሙሉ ከጋሽ ሙሄ ጋር ሆነን ሌጦውን አንድ በአንድ ቆጠርን። ፍሬው ከመዝገቡ ጋር አንድም ሳይጎድል ተካከለ። ከዚያ መዘንነው። ክብደቱ ከመዝገቡ በብዙ አነሰ። ጋሽ ሙሄ አልደነገጡም። «ደርቋላ» አሉ።

ዳዊት ቅጹን ሞላው። ቅጹ ላይ ለኪሎ እንጂ ለፍሬ ቁጥር የተተወ ዓምድ አልነበረም። በመዝገብ ይህን ያህል፣ በሚዛን ይህን ያህል፣ ጉድለት ይህን ያህል፣ ብሎ ፈረመና ለእኔ ሰጠኝ።

«ፍሬው ሙሉ መሆኑ የት ተጻፈ?» አልኩት።

«ቦታ የለውም።»

«ታዲያ እኔ እንዴት ብዬ ነው የምፈርመው?»

ከአቶ ይልማ ቢሮ ተጠራሁ። ጠረጴዛቸው ላይ በታይፕ የተጻፈ ወረቀት ነበር፤ ስሜን ከሩቅ አነበብኩት። የምስክር ወረቀቴ ነው፤ የቀረው ፊርማና ማኅተም ብቻ።

«የቆጠራውን ወረቀት ፈርመሽ አምጪና ይህን ይዘሽ ሂጂ» አሉኝ። «አልፈርምም ካልሽም መብትሽ ነው። ያኔ ግን ክረምቱን እዚህ አልነበርሽም ማለት ነው።»

ከፊታቸው ወንበር ነበረ፤ አልተቀመጥኩም። ቆሜ ፈረምኩ። ፍሬው ሙሉ እንደሆነ አውቃለሁ። ሌጦ እንደሚከሳ አውቃለሁ፤ በእጄ ይዤው ተምሬዋለሁ። አራተኛ ዓመትን አሰብኩ፣ አባቴን አሰብኩ፣ «ወንድ በሆነች» የሚሉትን ዘመዶቼን አሰብኩ፤ ጋሽ ሙሄን አላሰብኩም። አቶ ይልማ ወረቀቱን ተቀብለው «ማኅተሙ ወሩ ሲያልቅ ይመታልሻል» አሉኝ።

በማግስቱ ሁለት ፖሊሶች መጡ። ጋሽ ሙሄ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው በጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ የሚያዩት እኔን ነበር።

«የመሪጌታ ልጅ፣ ፍሬውን አብረን አልቆጠርንም?» አሉኝ።

አጎንብሼ የያዝኩትን መዝገብ ማገላበጥ ያዝኩ። የሰው ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ነበር። ወሰዷቸው። የመጋዘኑን ቁልፍ በዚያው ሳምንት የአቶ ይልማ ሚስት ወንድም ተረከበ። ቆጠራው ለምን ድንገተኛ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

አቶ ወንድይራድ ሲመለሱ ሮጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጡም። እጃቸውን ታጥበው፣ አድርቀው፣ ተቀመጡ።

«ፍሬው ስንት ነበር?»

«ሙሉ ነው።»

«ወረቀቱ ላይ የት አለ?»

«ቦታ አልነበረውም።»

«ጀርባው ላይስ ቦታ አልነበረም?» አሉኝ።

ስንት አለቃ፣ ስንት ተቆጪ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ጥያቄ አንጀቴን የቆረጠው የለም። አንድ መስመር ነበር የሚያስፈልገው። «ፍሬው ሙሉ ነው፤ ሌጦው እርጥብ ተመዝኖ ነው የገባው» ብዬ መጻፍ እችል ነበር።

ያን ዕለት ፊርማዬን የማነሳበትን ማመልከቻ ጻፍኩ። አቶ ወንድይራድ የርክክብ መዝገቡን ይዘው አብረውኝ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ከመዝገቡ ጠርዝ ላይ በገዛ እጃቸው «እርጥብ» ብለው በየቀኑ ምልክት አድርገው ነበር። መቶ አለቃው ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ አነበበና «መጀመሪያ የፈረምሽውም አንቺ፣ አሁን የምትክጂውም አንቺ?» አለኝ። አዎ አልኩ። ጋሽ ሙሄ ታስረው በአሥራ አንደኛው ቀን ተፈቱ፤ ሥራቸው ግን አልተመለሰላቸውም። ቁልፉ የተሰጠው ሰው ይዞት ቀረ። ጋሽ ሙሄም ጓዛቸውን ጭነው ወደ አልዩ አምባ ወረዱ።

አቶ ይልማ አስጠርተው የምስክር ወረቀቴን ፊቴ ቀደዱት። «የፈረመችውን የምትክድ ሰው ለሒሳብ ሥራ ታማኝነት ይጎድላታል» አሉ። ታማኝነት! ዳዊት «በትጋትና በታማኝነት ያገለገለ» የሚል፣ ማኅተሙ የደመቀ ወረቀት ይዞ ወጣ። አቶ ወንድይራድን ወዲያው አረርቲ ወዳለው የኩባንያው የእህል መጋዘን አዛወሯቸው፤ ሹመት ነው ተባለ፤ ቅጣት መሆኑን ግን ሁላችንም እናውቃለን። ከመሄዳቸው በፊት በእጃቸው ጽፈው ምስክርነት ሰጡኝ፤ ማኅተም አልነበረውም። ደንቡ ማኅተም ይላል። አንድ ዓመት ተቀጣሁ። ያን ዓመት ከእቴቴ ዘነበች ጎን ተቀምጬ የበግ ፀጉር ስፈትል ከረምኩ።

በተከታዩ ክረምት እንደገና ተወዳደርኩ። ይህኛው አዲስ አበባ፣ አንድ መድኃኒት አስመጪ ዘንድ ነበር። በፈተናው ወረቀት ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ነበር የምንጽፈው፤ አንደኛ ወጣሁ፤ የሚሰርዘኝም አልተገኘም። ተመርቄ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ መርማሪ ሆንኩ። የክፍል ኃላፊዬ ማን እንደነበረ ብናገር ታምኑኛላችሁ? ዳዊት። እኔ ያጣሁት ዓመት እሱን አስቀድሞት ነበር። ሦስት ዓመት ሪፖርቴን ሳያነብ ፈርሞ አሳለፈ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያን መጋዘን ጭራሽ ረስቶታል። እኔ ሳልረሳ እሱ መርሳቱ ከሁሉ በላይ ያበግነኝ ነበር።

ለምርመራ ወደ አረርቲ የተላክሁ ጊዜ አቶ ወንድይራድን ፈልጌ አገኘኋቸው። አርጅተዋል፤ ቆላው ግን ተስማምቷቸዋል። ጤፍ በመዳፋቸው ዘግነው እያሸተቱ፣ እርጥበቱን ለሠራተኞቻቸው ያስረዱ ነበር። «ሙሄን አየሽው?» አሉኝ ገና ከመቀመጤ። አላየኋቸውም አልኩ። ወደ ጤፋቸው ተመለሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ማረፋቸውን ሰማሁ።

በስድሳዎቹ መጀመሪያ ለአንድ ወር አንኮበር ተመደብኩ። አባቴ ቤት አረፍኩ። አንድ ዓርብ፣ የአልዩ አምባ ገበያ ዕለት፣ በገበያተኛው መካከል ቁልቁለቱን ወረድኩ። የጋሽ ሙሄን ቤት የጠየቅኩት የመጀመሪያው ሰው አሳየኝ። እሳቸው ከደጃፋቸው በርበሬ እየመዘኑ ይሸጣሉ። ጢማቸው ነጭ ሆኗል። ወዲያው አወቁኝ።

«የመሪጌታ ልጅ» አሉ። አልተነሡም።

ስድስት ዓመት ያጠናሁትን ንግግር ጀመርኩ። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«እኔ ለአላህ ብዬ ድሮ ይቅር ብያለሁ» አሉ። «ማመልከቻ መጻፍሽንም ሰምቻለሁ። ግን ልጆቼ አባታቸው በፖሊስ ሲነዳ አይተዋል። ትልቋ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ተፈታ ማለትና አልሰረቀም ማለት አንድ አይደለም፤ እኔ ብነግራቸው የአባት ወግ ነው ይላሉ፤ ከሚዛኔ አጠገብም አይቀመጡም። ይቅር በለኝ ካልሽ ግቢና ለእነሱ ንገሪያቸው።»

ገባሁ። ትልቋ ልጃቸው ዘሃራ መደብ ላይ ተቀምጣ ትሰፋ ነበር፤ ሁለት ወንድሞቿ አጠገቧ። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። አባታቸው አንድ ሌጦ እንኳ እንዳላጎደሉ፣ ቆጥሬ እንደማውቅ፣ እያወቅኩ ግን ጉድለት አለ በሚል ወረቀት ላይ እንደፈረምኩ፣ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ወንዶቹ አፈጠጡብኝ። ዘሃራ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች።

«እያወቅሽ ለምን ፈረምሽ?» አለችኝ።

«ልምምዱን የጨረስኩበትን ወረቀት እንዲሰጡኝ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ሰጡሽ?»

«አልሰጡኝም» አልኳት።

ስፌቷን አጥፋ አስቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ደጅ ወጣች። በተከፈተው በር በኩል አያታለሁ። ከአባቷ ጎን ቁጢጥ አለች፤ ሚዛኑን ከእጃቸው ተቀብላ ለገበያተኛው መመዘን ጀመረች። እሳቸውም ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።